ለኮንፈረንስ ተጉዞ የባሕር ዳርቻን የተፈጥሮ መስሕብ መጎብኘት፦ ከባሕሩ ሰዓት የሚነሣ ዝርዝር መመሪያ

ለሥራ ኮንፈረንስ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከኮንፈረንሱ መርሐ ግብር ነው። የስብሰባው ቀናት ከታወቁ በኋላ ትኬት ይቆረጣል፣ ሆቴል ይያዛል፣ በመጨረሻም በተረፈችው ግማሽ ቀን በአቅራቢያ ያለውን የባሕር ዳርቻ ደርሶ ለመመለስ ይታሰባል። ሙዚየም ለመጎብኘት ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳም፤ በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥምና። ባሕር ግን ዛሬ የሸሸበት ሰዓትና ነገ የሚሸሽበት ሰዓት አይገጥምም፤ የቀኑ ብርሃን፣ ነፋሱና ጉሙም ለማንም ፕሮግራም አይታዘዙም። በመሆኑም ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ባሕሩን፣ ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱንና ቪዛውን፣ ትኬቱን ከሁሉ በኋላ ያስቀምጣል።

1. ቦታው ምን እንደሚጠይቅ ይለዩ

የባሕር ዳርቻ መስሕቦች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የሚታዩት ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው። በካናዳ ኒው ብራንስዊክ ግዛት፣ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኙት የሆፕዌል ቋጥኞች የዚህ ዓይነት ናቸው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቦታዎች እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው። አናታቸው ላይ ዛፍ የበቀለባቸው ቋጥኞች ውኃው ሲሞላ ትናንሽ ደሴቶች ይመስላሉ፤ ሲሸሽ ደግሞ ጎብኚው በእግሩ ወርዶ በባሕሩ ወለል ላይ እየተራመደ ግርጌያቸውን ይዞራል።

ሌሎቹ ብርሃን የሚጠይቁ ናቸው። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ፣ በ2011 በተከፈተው የሃርፓ አዳራሽ በዲሴምበር የሚሰበሰብ ሰው በቀን የሚያገኘው ብርሃን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ የሚያልፉት አዳራሽ ውስጥ ነው። ያው ጉባኤ በጁን ቢሆን ኖሮ ከእራት በኋላም ወጥቶ ባሕር ማየት ይቻል ነበር። በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ የሚገኘውና ከፍታው እስከ 214 ሜትር የሚደርሰው የሞኸር ገደል ደግሞ ስለ ባሕሩ ሙላት ግድ የለውም፤ ጠላቱ ጉምና ነፋስ ነው። ጉም በወረደበት ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። የኬፕ ታውን አካባቢ በበጋው ወራት ብርቱ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሰዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ለማየት የሚፈልጉት ቦታ ከእነዚህ ከየትኛው እንደሚመደብ መለየት ነው። ብርሃንና ሙላት ከወራት በፊት በስሌት ይታወቃሉ፤ የአየር ጠባይ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ በእርግጠኝነት አይተነበይም። ስለዚህ በብርሃን ወይም በሙላት ለሚወሰን ቦታ አንድ በትክክል የተመረጠ ቀን ሲበቃ፣ ጉምና ነፋስ ለሚያውከው ቦታ ግን ሁለት ቀን መያዝና ከሁለቱ የተሻለውን መጠቀም ይሻላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሙላት የሚወስነውን ቦታ ቢመርጥ እመክራለሁ፤ ቢያንስ ስሌቱ በእጁ ነው።

2. የሙላት ሰንጠረዡን ማንበብ ይማሩ

የሙላት ሰንጠረዥ ባሕሩ በየዕለቱ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ይህ ክፍል ጊዜ ወስዶ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በአብዛኞቹ የውቅያኖስ ጠረፎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ከሙላት እስከ ሽሽት ያለው ጊዜ ከስድስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ጨረቃ በመሬት ዙሪያ በምታደርገው ጉዞ ምክንያትም የዛሬው ሽሽት ነገ በ50 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይመጣል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ከሆኑ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል፤ ጨረቃ በግማሽ በምትታይባቸው ቀናት አካባቢ ደግሞ ልዩነቱ ይጠብባል። ሜዲትራንያንን በመሰሉ የተከበቡ ባሕሮች ግን ልዩነቱ በአብዛኛው በጣም ትንሽ በመሆኑ ይህን ክፍል መዝለል ይቻላል።

የ50 ደቂቃው መዘግየት ሲደመር ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንይ። በሞንክተን ከተማ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የሚካሄድ ኮንፈረንስ አለ እንበል፤ ከተማዋ ከሆፕዌል ቋጥኞች 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሰዓቶቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ሲሆኑ የተጻፉትም ሰንጠረዦች እንደሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሐሙስ ባሕሩ ዝቅ የሚለው 10:00 ላይ፣ ዓርብ 10:50 ላይ፣ ቅዳሜ 11:40 ላይ ነው እንበል። በዚህ ቦታ በባሕሩ ወለል ላይ መራመድ የሚቻለው በተለምዶ ከሽሽቱ በፊት ሦስት ሰዓት፣ ከሽሽቱ በኋላም ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ኮንፈረንሱ ሐሙስ 13:00 ላይ ሲዘጋ የእግር መንገዱም በዚያው ሰዓት ይዘጋል ማለት ነው። መኪና ይዞ 14:00 ላይ የደረሰ ጎብኚ የሚያየው ውኃ ብቻ ይሆናል። ቀጣዩ ሽሽት 22:25 ላይ ቢመጣም ጨለማ ነው። ዓርብ ጠዋት ግን ከ07:50 እስከ 13:50 ወለሉ ክፍት ነው፤ ማልዶ የደረሰ ሰው ወርዶ፣ ዞሮ፣ በቂ ፎቶ አንሥቶ፣ 17:00 አካባቢ ደግሞ ያንኑ ቦታ በሙላት ያየዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የሚቻልበት ይህን የመሰለ ቀን ከተገኘ፣ በመካከሉ ያሉትን ሰዓታት መጠበቁ አያስቆጭም። በአንጻሩ ኮንፈረንሱ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ የ50 ደቂቃው መዘግየት በሰባት ቀን ተደምሮ ስድስት ሰዓት ስለሚጠጋ፣ ጠዋት ሽሽት የነበረበት ሰዓት ወደ ሙላት ይለወጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሄዶ የመጣ የሥራ ባልደረባ የሰጠው ምክር የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰንጠረዡ ሲነበብ ሦስት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ለየትኛው ወደብ ነው? ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች የሰዓት ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በበጋ ወራት ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፋባቸው አገሮች አንዳንድ ሰንጠረዦች ጭማሪውን ሳይቆጥሩ ስለሚታተሙ፣ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ማስታወሻ ማንበብ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ውኃው የሚነሣው በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልዩነቱ 12 ሜትር ነው ብንል፣ ከሽሽቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት 1 ሜትር፣ በሁለተኛው 2 ሜትር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው በየሰዓቱ 3 ሜትር፣ ከዚያ 2፣ በመጨረሻም 1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ጸጥ ያለ በሚመስለው የመጀመሪያ ሰዓት ተዘናግቶ የቆየ ሰው በሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚገጥመው ሌላ ባሕር ነው።

3. ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት መሥሪያ ቤትዎን በጽሑፍ ያነጋግሩ

ቀኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ኃላፊን ማነጋገር ነው። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ቢሆን ይመረጣል፤ ኮንፈረንሱ የሚያበቃበት ቀን፣ የሚጨመሩት ቀናት ብዛት፣ ቀናቱ ከዓመት ፈቃድ እንዲቀነሱ፣ የሚጨምረው ወጪም በራስዎ እንደሚሸፈን ይጻፍ። ጉብኝት መሆኑን መደበቅ ጥቅም የለውም። ኃላፊን የሚያስቆጣው መጎብኘቱ ሳይሆን በኋላ ከደረሰኝ ላይ ማወቁ ነው።

ትኬቱን በሚመለከት አንድ ልማድ ቢኖርዎት ከብዙ ክርክር ያድናል። ትኬቱን በሚገዙበት ዕለት፣ በኮንፈረንሱ ቀናት ብቻ ሄዶ መመለስ ስንት እንደሚያወጣ ፈልገው ገጹን ከነቀኑ ያትሙት ወይም ያስቀምጡት። የተራዘመው ትኬት ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱን እርስዎ ይከፍላሉ፤ ካነሰ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ተጠቅሟል፣ ይህንንም በደብዳቤው መጥቀስ አይከፋም። የትኬት ዋጋ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ ይህን ማስረጃ ከወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የውሎ አበል ኮንፈረንሱ ባበቃ ማግስት ይቆማል ብሎ ማሰብ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚያሻው ግን ኢንሹራንስ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚገዛው የጉዞ መድን በብዙ ቦታ የሚሸፍነው የሥራውን ቀናት ብቻ ነው፤ አርብ ጠዋት እርጥብ ድንጋይ ላይ አዳልጦት እግሩ የተሰበረ ሰው ሐሙስ ላይ ያበቃ መድን አይጠቅመውም። ለተጨማሪዎቹ ቀናት ሽፋን መኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከሌለ የራስዎን ይግዙ።

4. ቪዛው የሚፈቅደውን ቀንና ድንበር ያረጋግጡ

የግብዣ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው የኮንፈረንሱን ቀናት ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ ግን ሙሉ የቆይታ ቀናትዎን፣ የጉብኝቱን ቀናት ጨምረው፣ የሆቴል መያዣውንም አያይዘው ማስገባት አለብዎት። ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ላይ ቪዛው የሚጸናበት ጊዜ አንድ ነገር፣ የተፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ከተፈቀደለት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ቪዛ የሚቀርበው የጉዞ የጤና መድንም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ሙሉ ቆይታውን የሚያካትት መሆን ይኖርበታል።

የባሕር ዳርቻ ጉብኝት ሌላም ወጥመድ አለው፤ ጠረፉ አንድ ይመስላል፣ አገሩ ግን ሁለት ይሆናል። በቤልፋስት ለኮንፈረንስ የተገኘ ሰው በሰሜን አየርላንድ ጠረፍ ያለውን፣ 40,000 ያህል የባዛልት ዓምዶች የተደረደሩበትንና ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ጃይንትስ ኮዝዌይ በዚያው በዩናይትድ ኪንግደም ቪዛው ያያል። በዚያው ደሴት ምዕራብ ዳር ያለው የሞኸር ገደል ግን የአየርላንድ ሪፐብሊክ ነው። በመካከል ባለው የየብስ ድንበር መደበኛ የፓስፖርት ፍተሻ ስለሌለ አውቶቡሱ ሳይቆም ያልፋል፤ ያ ማለት ግን ቪዛ የሚጠየቅ መንገደኛ ያለ ፈቃድ እንዲሻገር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። አየርላንድ የሼንገን አባል ስላልሆነች የሼንገን ቪዛም ለዚህ አይሆንም።

5. ጉብኝቱ ከኮንፈረንሱ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?

ሙላቱ ሁለቱንም የሚፈቅድ ከሆነ እኔ በኋላ እላለሁ። ጽሑፍ የሚያቀርብ ሰው ከንግግሩ በፊት ገደል ላይ ቢቆምም ሐሳቡ ስላይዱ ላይ ነው። ከዚህም በላይ የሚያሠጋ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በረራ ቢዘገይ፣ የሚጎዳው ጉብኝቱ እንጂ ሥራው እንዳይሆን ያደርጋል። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፤ በጣም ከሚርቅ የሰዓት ክልል የሚመጣ ሰው ሰውነቱ የሚለምደው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ ስለሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ገብቶ በቀን ብርሃን ውጭ መዋሉ ለኮንፈረንሱም ይጠቅመዋል። በእነዚያ ቀናት ግን ረጅም መንገድ መኪና መንዳት አይገባም።

የማቅረቢያ ሰዓትዎ ገና ካልተወሰነ አዘጋጆቹን ቀደም ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የተሰጠው ተናጋሪ በከፊል ባዶ ወንበር ፊት ይናገራል፣ የጉብኝቱ ግማሽ ቀንም ይሄድበታል። ይህን ለመለወጥ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከመዝጊያው ክፍለ ጊዜ ሹልክ ብሎ መውጣት ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ የላከዎት መሥሪያ ቤት የከፈለው ለዚያም ነውና።

6. ርቀቱን በሰዓት እንጂ በካርታ አይለኩ

ከቤልፋስት ጃይንትስ ኮዝዌይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በአንድ ቀን ተሂዶ ይመለሳል። ከሬይክያቪክ ወደ ሬይኒስፍያራ ጥቁር አሸዋ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን መንገድ ነው፤ በክረምት ግን በረዶው ከዚህ በላይ ያራዝመዋል። ከሜልበርን አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ወደሚባሉት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በአቋራጩ መንገድ ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠረፉ መንገድ ደግሞ ይበልጣል። የመንገዱ ውበት ራሱ የጉብኝቱ ክፍል ስለሆነ እዚያው አቅራቢያ ማደር ይመረጣል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስብሰባ የሰማ ሰው በማግስቱ ይህን ያህል ርቀት ብቻውን ነድቶ በዚያው ቀን እንዲመለስ አልመክርም።

አንድ ጥብቅ ደንብ ቢኖር፣ ረጅሙን ጉብኝት በበረራው ቀን አለማድረግ ነው። የጠረፍ መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው አንድ አደጋ ብቻ ለሰዓታት ይዘጋቸዋል።

7. ሻንጣ

የሥራ ላፕቶፕዎን ይዘው ወደ ባሕር አይሂዱ። አሸዋና ጨዋማ እርጥበት መሣሪያውን ሊያበላሹት ይችላሉ፤ በመኪና መስኮት ከታየም የመሥሪያ ቤት መረጃ ከነመሣሪያው ሊጠፋ ይችላል። ሆቴሉ ከለቀቁ በኋላም ሻንጣ ያስቀምጥልዎት እንደሆነ ሲገቡ ይጠይቁ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ የአዳራሽ ጫማ በእርጥብ ባዛልት ላይ ያንሸራትታል።

8. ከባሕሩ ዳር ሲደርሱ

በመጀመሪያ አይውረዱ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ሞገዱን ይመልከቱ፤ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ፤ የፓርክ ሠራተኛ ካለ የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቁ። በሬይኒስፍያራ የባሕሩ ወለል ቶሎ ስለሚጠልቅ፣ ከብዙ ትናንሽ ሞገዶች በኋላ አንዱ ሳይታሰብ ርቆ ወጥቶ ሰው ይጠርጋል፤ ጎብኚዎች ሞተውበታል፣ በዚህ ምክንያትም የአደጋውን ደረጃ የሚያሳይ የብርሃን ምልክት ተተክሏል። እዚያ ያለው ሕግ ቀላል ነው፤ ጀርባ ለባሕሩ አይሰጥም፣ ለፎቶም ቢሆን።

ቋጥኙን ቀረብ ብለው ሲያዩት ሰንጠረዡ የነገረዎትን ይደግምልዎታል። በሆፕዌል ቋጥኞች ሥር የቆመ ሰው የባሕር አረሙ ተንጠልጥሎ የሚያቆምበትን፣ ከላዩ ያለው ድንጋይ ደረቅና ቀላ ያለ፣ ከታቹ ግን ጠቁሮ እርጥብ የሆነበትን መስመር ያያል። ያ መስመር ከራስዎ በላይ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ከታየ፣ የቆሙበት ቦታ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የት እንደሚሆን ያሳያል። ስለዚህ መመለሻዎን ከመውረድዎ በፊት በስልክዎ ደወል ይሙሉ፤ ከተፈቀደው የመጨረሻ ሰዓትም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስቀድሙት። መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ከሆነና ሰው ከበዛ፣ ያቺ አንድ ሰዓት ታስፈልጋለች።

ከገደል ሥር አለመቀመጥ፣ ከገደል ጫፍም አለመጠጋት የተለመደ ምክር ቢሆንም በቂ ምክንያት አለው። ባሕር የቀረጸውን ባሕር ያፈርሰዋልና። በ1990 በአውስትራሊያ፣ የለንደን ድልድይ ይባል የነበረው የተፈጥሮ ቅስት ከየብስ ጋር የሚያያይዘው ክፍል በድንገት ሲወድቅ ሁለት ጎብኚዎች በቀረው ቋጥኝ ላይ መውጫ አጥተው በሄሊኮፕተር ተወስደዋል። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ፣ 50 ሜትር ያህል ቁመት የነበረው፣ በ2005 ፈርሷል። በማልታ የአዙር መስኮት ይባል የነበረው የድንጋይ ቅስትም በማርች 2017 በማዕበል ወድቋል። አጥርና ገመድ ያለበት ቦታ ሁሉ ከኋላው እንዲህ ያለ ታሪክ አለው ብሎ መገመት ከስሕተት ያድናል።

ለመዋኘት ካሰቡ ጠባቂ ባለበትና ባንዲራ በተተከለበት ቦታ ብቻ ይሁን። ሞገድ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ጠባብ ቦታ ሲያዩ ደህና ነው ብለው አይግቡ፤ ብዙ ጊዜ ውኃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት ነው። ቢስብዎት በቀጥታ ወደ ዳር አይታገሉ፤ እየተንሳፈፉ እጅዎን አንሥተው ይጥሩ፣ ወይም ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ከጅረቱ ይውጡ። በኬፕ ታውን አቅራቢያ በቦልደርስ ባሕር ዳርቻ እንዳሉት ፔንግዊኖች ያሉ እንስሳት ካሉም ከተሠራው የእንጨት መንገድ አይውጡ።

9. ሂሳቡን ማወራረድ

ይህ ሥራ ከጉዞው መልስ ሳይሆን በጉዞው ላይ እያሉ የሚጀመር ነው። ሁለት ፖስታ ይያዙ፤ በአንዱ እስከ ኮንፈረንሱ መዝጊያ ያለው፣ በሌላው ከዚያ በኋላ ያለው ደረሰኝ ይግባ። ሆቴሉ አንድ ከሆነ በመዝጊያው ቀን የሥራው ሌሊቶች ሂሳብ ለብቻ እንዲዘጋና አዲስ ደረሰኝ በራስዎ ስም እንዲከፈት ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ሆቴሎች ያደርጉታል፣ ከወጡ በኋላ ግን ለማስተካከል ይቸገራሉ። የተከራዩት መኪና ለሥራም ለጉብኝትም ካገለገለ ውሉን ከጅምሩ ሁለት ማድረግ፣ ካልተቻለም በቀን ማካፈል ይሻላል። ለፋይናንስ ክፍል የሚቀርበው የመጀመሪያው ፖስታ፣ የትኬት ዋጋ ማነጻጸሪያውና ኃላፊው የፈቀደበት ደብዳቤ ብቻ ነው። የጉዞ ሪፖርቱን ኮንፈረንሱ ባበቃበት ምሽት፣ ወደ ባሕሩ ከመሄድዎ በፊት ጽፈው ይጨርሱት፤ ማስታወሻው ትኩስ ነው፣ በማግስቱም፣ እንደ ሞንክተኑ ምሳሌያችን፣ ሽሽቱ የሚጠብቅዎት በ10:50 ነው።